«እስማማለሁ» ከማለታችን በፊት

በዛሬው ጊዜ ሰው ዜና ለማንበብ ወይም ዕቃ ለመግዛት አንድ ድረ ገጽ ሲከፍት፣ ብዙ ጊዜ ከጽሑፉ ቀድሞ የሚቀበለው «ኩኪ እንድንጠቀም ትስማማለህን?» የሚል ጥያቄ ነው። አብዛኛውም ሰው ምን እንደተጠየቀ ሳይመረምር «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭኖ ያልፋል። ሳያነቡ መፈረም በወረቀት ላይ የሚያስወቅስ ከሆነ፣ በስልክና በኮምፒዩተር ላይ ሲሆን ስለምን እንደ ቀላል ነገር ይቆጠራል?

ኩኪ ማለት ድረ ገጹ በጎብኚው ብራውዘር ውስጥ የሚያኖረው ትንሽ ማስታወሻ ነው። ነገሩ የሐኪም ቤት ካርድን ይመስላል፤ በሽተኛው በእጁ የሚይዘው ቁጥር ብቻ ሲሆን፣ ታሪኩ የሚገኘው በካርድ ክፍሉ መዝገብ ነውና። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1994 ያፈለቀው የኔትስኬፕ ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ነው። ጥቅሙም የሚካድ አይደለም። ኩኪ ባይኖር ኖሮ ገጽ በለወጥን ቁጥር የይለፍ ቃል በተጠየቅን፣ ለመግዛት የመረጥነውም ዕቃ በጠፋብን ነበር።

ችግሩ የሚመጣው ያልጠራነው ሦስተኛ ሰው ሲገባ ነው። በገጹ ላይ የሚታየው የንግድ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ከሌላ ድርጅት የሚመጣ ስለሆነ፣ ያ ድርጅትም የራሱን ኩኪ ሊያኖር ይችላል። በሺህ ገጾች ላይ ማስታወቂያ ካለውም፣ በሐኪም ቤቱም በሱቁም በትምህርት ቤቱም በር ተቀምጦ ያንኑ ካርድ እንደሚመዘግብ ሰው ይሆናል። ስለ ሕመም ያነበብነውና ስለ ብድር የጠየቅነው ባንድ መዝገብ ይሰበሰባል፤ ስማችንን ባያውቅ እንኳ ጠባያችንን ያውቃል።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019፣ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ ሊባል አይችልም ሲል ፈርዷል። የፈረንሳይ የግል መረጃ ጠባቂ መሥሪያ ቤትም፣ እምቢ ማለትን ከመስማማት ይልቅ አስቸጋሪ አድርገዋል በማለት ጉግልን 150 ሚሊዮን፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 አስታውቋል። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በእኛ አስተያየት ግን አዋጅ ብቻውን አይበቃም። በአማርኛ ለሚያነብ ሰው የሚጽፍ ድረ ገጽ ፈቃድ ሲጠይቅም በአማርኛ ሊጠይቅ፣ «አልስማማም» የሚለውንም ከ«እስማማለሁ» ጋር እኩል አድርጎ በግልጽ ሊያስቀምጥ ይገባዋል። ያልገባን ነገር ላይ የሰጠነው ፈቃድ ፈቃድ አይደለምና።

እስከዚያው አንባቢ ራሱን ሊጠብቅ ይችላል። ሳፋሪ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሦስተኛ ወገን ኩኪዎችን በራሱ ይከለክላል፤ በክሮም ግን ተጠቃሚው ወደ ቅንብሮች ገብቶ ክልከላውን ማዘዝ አለበት። በዚያው ስፍራ የቆዩትን ኩኪዎች መሰረዝ ይቻላል፤ የሚያስከፍለውም ዋጋ የይለፍ ቃልን እንደገና መጻፍ ነው። በኢንተርኔት ቤት ወይም በሰው ኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው በግል መስኮት ቢጠቀም፣ ሲጨርስም ከአካውንቱ ወጥቶ መስኮቱን ቢዘጋ ይበጀዋል፤ አለዚያ ካርዱን ለተከታዩ ሰው ትቶለት እንደሄደ ይቆጠራል።

ይህ ሁሉ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። እንግዳን ከደጅ ሳይጠይቅ የማያስገባ ሕዝብ፣ ለስልኩም በር ይህንኑ ጥንቃቄ ሊነፍገው አይገባም እንላለን።