ሕዝብን የሚቀርጸው የትኛው ተውኔት ነው?

ብሔራዊ ተውኔት ሕዝብን ማወደስ እንጂ መንቀፍ አይገባውም የሚል አስተያየት በየጊዜው ይሰነዘራል። አስተያየቱ ከአገር ፍቅር የመነጨ ይመስላል፤ የተውኔት ታሪክ ግን አይደግፈውም። የአየርላንድ መድረክ ያለፈበት ፈተና ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

አየርላንድ በብሪታንያ አገዛዝ ሥር ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1902 የዬትስና የሌዲ ግሪጎሪ ሥራ የሆነው «ካትሊን ኒ ሁሊሃን» በደብሊን ቀረበ። አገር በአሮጊት ተመስላ፣ ለሠርጉ የተዘጋጀውን ወጣት ለነጻነት ስትጠራው የሚያሳየውን ይህን ተውኔት ተመልካቹ በጋለ ስሜት ተቀበለው። ስለዚህ ቀስቃሽ ተውኔት ድርሻ የለውም ማለት አይቻልም። ጥያቄው ብቻውን ይበቃል ወይ? ነው።

በ1904 የተከፈተው የአቤይ ቴአትር በጥር 1907 የጆን ሚሊንግተን ሲንጅን ኮሜዲ አቀረበ። አባቴን ገደልሁ የሚለውን ወጣት የገጠር ሰዎች እንደ ጀግና ሲያሞግሱት ያሳያል። «ሕዝባችን ተሰደበ» ያሉ ተመልካቾች አዳራሹን በጩኸት አናወጡት፤ ትርኢቱ ሳምንቱን የዘለቀው በፖሊስ ጥበቃ ነበር።

በየካቲት 1926 ደግሞ ከደብሊን ድኾች መካከል የወጣው ሾን ኦኬሲ የ1916ን ዐመፅ በጎስቋሎች መኖሪያ ዐይን አሳየ። በ«ማረሻውና ከዋክብቱ» ተውኔቱ የታጋዮቹ ሰንደቅ ዓላማ መጠጥ ቤት ይገባል፤ ችግረኛው ሱቅ ይዘርፋል። ከተቃወሙት መካከል የወደቁት ታጋዮች ሚስቶችና እናቶች ነበሩ። ሐዘናቸው እውነተኛ ነበር፤ የደራሲው ጥያቄም እንዲሁ። ነጻነቱ ለድኻው ምን አመጣ?

ቴአትሩ ከ1925 ጀምሮ ከመንግሥት 850 ፓውንድ የዓመት ድጎማ ያገኝ ነበር። መንግሥት የሰየመው የቦርድ አባል ተውኔቱ እንዲታረም ሲጠይቅ፣ ሌሎቹ ኃላፊዎች ከድጎማውና ከነጻነታቸው አንዱን መምረጥ ካስፈለገ ነጻነታቸውን እንደሚመርጡ አስታወቁ። ጥቂት ቢቀነስለትም ተውኔቱ ታየ። ይሁን እንጂ ተቋሙ ራሱ ከስሕተት አልዳነም። በ1928 የኦኬሲን ቀጣይ ሥራ አልቀበልም አለ፤ ደራሲውም ኑሮውን እንግሊዝ አገር አድርጎ ቀረ።

ዛሬ አየርላንድ የእኔ ከምትላቸው ታላላቅ ተውኔቶች መካከል እነዚያ የተወገዙት ሁለቱ ይገኛሉ። በ2016 ዐመፁ 100ኛ ዓመቱ ሲታሰብ የአቤይ መድረክ ካቀረባቸው አንዱ ያው «ማረሻውና ከዋክብቱ» ነበር። የተቆጣው ሕዝብ ልጆች የአባቶቻቸውን ጠብ እንደ ቅርስ ወረሱት።

ማንነት ተጠናቅቆ ከመድረክ የሚታደል ስጦታ አይደለም፤ ሕዝብ ራሱን አይቶ፣ ተቆጥቶ፣ ተከራክሮ የሚደርስበት ነው። ውዳሴ ብቻ የሚሰማ ሕዝብ የሚከራከርበት ነገር አያገኝም። ስለዚህ ለመድረክ ገንዘብ የሚመድብ ኃላፊ፣ ተውኔት የሚያስተምር መምህር፣ ብዕር የጨበጠ ደራሲ፣ ሁሉም አንድ ነገር ሊያጤን ይገባል፤ ድጎማ የመድረኩን መብራት ያበራል እንጂ የሚታየውን እውነት አይገዛም።