ካርዱ አልተቃጠለም!

አዲስ አበባ ውስጥ ለጥገና ተጠርቼ በአንድ አነስተኛ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ያየሁት ነገር ዓመታት አልፈውም ያንገበግበኛል። እኔ ከመድረሴ ከሦስት ቀን በፊት ሌሊት መብራት ጠፍቶ ተመልሷል። ሰርቨሩ ተነስቷል፤ ኔትወርኩ ግን አልተነሳም። ካርድ አውጪዋ የታካሚ ስም እየጻፈች ትፈልጋለች፤ ስክሪኑ ምንም አይመልስላትም። መስኮቱ ጋ ትኩሳት የያዘው ልጅ ያዘለች እናት ቆማለች። «ትንሽ ጠብቂኝ እናቴ፣ ሲስተም የለም» ትላታለች።

ከእኔ በፊት ሁለት ባለሙያዎች መጥተው ነበር። የመጀመሪያው ኪቦርዱን እንኳ ሳይነካ «ኔትወርክ ካርዱ ተቃጥሏል» ብሎ ፈረደ። አዲስ ካርድ አስገዝቶ ገጠመ፣ የእጅ ዋጋውን ተቀብሎ ሄደ። አልሠራም። ሁለተኛው «ፎርማት ይደረግ» ብሎ ፍላሽ ይዞ ሊመለስ ቀጠሮ ይዟል። ፎርማት! ባክአፕ የሌለው ሰርቨር! የስንት ሰው የደም ግፊት መዝገብ፣ የስንት ነፍሰ ጡር ክትትል፣ መድኃኒት የማይስማማው ሰው ማስታወሻ ያለበት ዲስክ! ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ ማለት ይሄ ነው።

ሰርቨሩ ላይ የተጫነው ሴንት ኦኤስ 6 የሚባል ሊኑክስ ነበር። ተቀምጬ ሲነሳ የመዘገበውን መልእክት አነበብኩ። አዲሱ ካርድ ታይቷል፤ ድራይቨሩም ተጭኖለታል። ስሙ ግን «ኢቲኤች 1» ሆኗል። ሲስተሙ የአሮጌውን ካርድ ማክ አድራሻ «ኢቲኤች 0» ብሎ በፋይል መዝግቦት ስለነበር ለአዲሱ ሌላ ስም ሰጠው። የአይፒ ቅንብሩ ደግሞ ያለው በድሮው ስም ነው። ካርዱን መቀየር በአንዱ ችግር ላይ ሁለተኛ ጨመረበት እንጂ ምንም አልፈየደም።

ዋናውን ችግር ያገኘሁት የ«ኢቲኤች 0»ን የቅንብር ፋይል ስከፍት ነው። «ኦንቡት» የምትል መስመር አለች፤ ማሽኑ ሲነሳ ካርዱም አብሮ ይነሳ ወይስ አይነሳ የምትወስነው እሷ ናት። ፊት ለፊቷ «ኖ» ተጽፏል። በቃ፣ ይኸው ነው! ሴንት ኦኤስ 6 በአነስተኛው አጫጫን ሲጫን መስመሯን እንዲህ አድርጎ ይተዋታል። ሰርቨሩን መጀመሪያ የተከለው ሰው ካርዱን በእጁ በትእዛዝ አስነስቶ፣ መሥራቱን አይቶ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አጥፍቶ ሳያስነሳ ሄደ። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን ይዞ የሚያቆየው የዩፒኤስ ባትሪ እስኪደክም ድረስ ማንም አላወቀም።

አሮጌውን ካርድ ከመሳቢያ ውስጥ በጋዜጣ እንደተጠቀለለ አወጡልኝ። መልሼ ሰካሁት፣ «ኖ»ን «የስ» አደረግኩ፣ ሰርቨሩን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ አስነሳሁ። ሁለቱንም ጊዜ ኔትወርኩ በራሱ መጣ።

ይህን ስናገር የሙያ ጓደኞቼ ይቆጡኛል። «ደንበኛው ይቸኩላል፣ ሎግ ለማንበብ ማንም አይከፍልም፣ የሚከፍለው ለሚያየው ዕቃ ነው» ይሉኛል። ታዲያ የማያስፈልገውን ዕቃ መሸጥ ምን ይባላል? የሰው ገንዘብ ነው! መብራት ሲመጣና ሲሄድ በእርግጥ የሚቃጠል ካርድ አለ፤ እኔም ቀይሬ አውቃለሁ። ግን የሞተ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ በሚያወጣው የዕቃ ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ አይታይም። ያንን ለማየት አንድ ትእዛዝ ይበቃል፤ ቡና እስኪቀዳ እንኳ አይፈጅም።

ደግሞ ጥፋቱ ከኮምፒውተሩ ውጭ የሚሆንበት ጊዜ አለ። መብራት እንደመጣ የቢሮው ኮምፒውተርና ስዊች እኩል ይነሳሉ። ስዊቹ ስፓኒንግ ትሪ የሚባለውን፣ ኔትወርኩ ቀለበት እንዳይሠራ የሚጠብቀውን ሥርዓት የሚጠቀም ከሆነ ወደቡን 15 ሰከንድ በማዳመጥ፣ 15 ሰከንድ በመማር፣ በድምሩ 30 ሰከንድ ዘግቶ ይይዘዋል። ኮምፒውተሩ በዚያ መሀል አይፒ ቢጠይቅ የሚመልስለት የለም፤ ተስፋ ቆርጦ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። ይህን ቁጥር እያየ «ካርዱ ደክሟል» የሚል ባለሙያ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እየደበደበ ነው። መፍትሔው ስዊቹ ላይ ነው፤ በሲስኮ ስዊች ፖርትፋስት የሚሉትን ለኮምፒውተር በተሰጠው ወደብ ላይ ማብራት።

አዳዲሶቹ ሊኑክሶችም ከካርድ ስም ጣጣ አላመለጡም። አብዛኞቹን የሚያስነሳው ሲስተምዲ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ካርዶችን በተሰኩበት ቦታ መሠረት ይሰይማል። ካርዱን ከአንዱ ማስገቢያ ወደ ሌላው ብታዛውሩት ስሙ ሊቀየር፣ ቅንብሩም ባለቤት አልባ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ዛሬም ያላነበበ ሰው ጤነኛ ካርድ ነቅሎ ይጥላል።

የክሊኒክ፣ የትምህርት ቤት፣ የሱቅ ባለቤቶች ሆይ፣ እባካችሁ ንብረታችሁን በ«ይመስለኛል» አታስነቅሉ። «ካርዱ ተቃጥሏል» ለሚላችሁ ሰው «ማሽኑ የቱ ጋ ነው እንዲህ የሚለው? አሳየኝ» በሉት። «ፎርማት» ሲል ከሰማችሁ መጀመሪያ ዳታው ሌላ ቦታ ይገልበጥ። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ማሽኑን ዓይናችሁ እያየ አጥፍቶ ያስነሳው።