ዘር ከልጓም ይስባል

አባቶቻችን ሲተርቱ «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላሉ። ይህ ተረት የተነገረው ስለ ሰው ጠባይ ቢሆንም ቅሉ፣ ስለ ውሻ አጥንት ቢነገርም እውነትነቱ አይጓደልም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ላስረዳ የምፈልገው፣ ሰው ንጹሕ ዘር እያለ በሚያከብራቸው ውሾች ላይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የአጥንትና የመገጣጠሚያ በሽታ ከየት እንደ መጣና ኀላፊነቱም የማን እንደ ሆነ ነው። የአስተያየቴ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ በሽታውን ያበዛው የሰው ምርጫ ስለ ሆነ፣ የሚቀንሰውም የሰው ምርጫ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኋቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

«የሰው በሽታ መች አለቀና ስለ ውሻ ትጨነቃለህ?» የሚለኝ ጓደኛ አይጠፋም። ነገር ግን ውሻ ቤታችንን የሚጠብቅ፣ መንጋ የሚያግድ፣ ለዐይነ ስውር መሪ የሚሆን እንስሳ ነው። ሕመሙን በአፉ መናገር የማይችለውን ፍጡር ዐውቀን ታማሚ ሆኖ እንዲወለድ ማድረግ ነውር መሆኑን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ከእነዚህ በሽታዎች ዋነኛው የዳሌ መገጣጠሚያ መላላት ነው፤ ሐኪሞች ሂፕ ዲስፕላዥያ ይሉታል። የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ የሚገባበትም የዳሌ ጐድጓዳ ሲኒ ይመስላል። በጤነኛ ውሻ ኳሱ በሲኒው ውስጥ ልክ ሆኖ ይዞራል። በታመመው ግን ቡችላው ሲያድግ መገጣጠሚያው ይላላል፤ ጐድጓዳውም ጥልቀት ያጣል፤ ኳሱም ውሻው በተራመደ ቍጥር ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ከዚህ የተነሣ አጥንቱን የሸፈነው ልም አጥንት እየተፋቀ ያልቃል፤ በዳርና በዳሩ ትርፍ አጥንት ይበቅላል። እንዲህ ያለው ውሻ ከተኛበት ለመነሣት ይቸገራል፤ ደረጃ መውጣት ይፈራል፤ ሲሮጥም ሁለቱን የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ ያነሣል። ሽኔል የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም በ1935 ስለዚህ በሽታ ከጻፈ ወዲህ፣ እንደ ጀርመን ሸፐርድ፣ ላብራዶርና ሮትዋይለር ባሉት ትልልቅ ዝርያዎች ላይ በብዛት ታይቷል።

ትንንሾቹም ከዚህ መከራ አላመለጡም። ዳክስሁንድ የሚባለውን አጭር እግር ውሻ እንመልከት። ጀርመኖች ያራቡት ጉድጓድ ገብቶ አውሬ እንዲያድንላቸው ነው። ተመራማሪዎች በ2009 እንደ ገለጹት፣ የእንዲህ ያሉትን ውሾች እግር ያሳጠረው ኤፍ ጂ ኤፍ ፎር የተባለው ጂን ተጨማሪ ቅጂ ነው። በ2017 ደግሞ የዚሁ ጂን ሌላ ቅጂ በሌላ ክሮሞሶም ላይ ተገኘ። ይህኛው እግር ከማሳጠሩም በላይ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን ትራስ መሰል ዲስክ ገና በወጣትነት ያደርቀዋል። የደረቀው ዲስክ ሲፈነዳ ኅብለ ሰረሰርን ይጫናል፤ የውሻውም የኋላ እግሮች ሊሽመደመዱ ይችላሉ። እንግዲህ ሰው «እንዴት ያምራል!» እያለ የሚስቅለት አጭር እግርና ውሻውን መሬት ለመሬት የሚያስጐትተው ሕመም ከአንድ ሥር ሊበቅሉ ይችላሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰው ጥፋት ልምጣ። በአገራችን ብዙ ሰው ልጁን ከመዳሩ በፊት እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዘር ይቈጥራል። በ1873 የተቋቋመው የእንግሊዝ ኬነል ክለብ ግን አባት ከሴት ልጁ፣ ወንድም ከእኅቱ የወለዷቸውን ቡችሎች እስከ 2009 ድረስ በንጹሕ ዘርነት ይመዘግብ ነበር። በ2008 ቢ ቢ ሲ ስለ ንጹሕ ዘር ውሾች በሽታ የሚያሳይ ፊልም ካስተላለፈና ሕዝቡ ከተቈጣ በኋላ ነው ይህ ምዝገባ የቆመው። ዘመድ ከዘመድ ሲዳቀል በሁለቱም ወገን ተሸሽጎ የኖረው ጕድለት በልጁ ላይ ይገናኛል። ባላገሩ ያለ ላቦራቶሪ የሚጠነቀቅበትን ነገር የሠለጠነው ክለብ ይህን ያህል ዘመን ቸል ማለቱ እጅግ ያስደንቀኛል።

ሁለተኛው ጥፋት ለመልክ ብቻ መፍረድ ነው። የጀርመን ሸፐርድ ማኅበር በ1899 በፎን ሽቴፋኒትስ ሲመሠረት የተፈለገው ለሥራ የሚሆን የእረኛ ውሻ ነበር። በኋላ ግን የውድድር ዳኞች ጀርባው ወደ ኋላ የተንሸራተተውን ውሻ መረጡ። በ2016 ክራፍትስ በሚባለው የእንግሊዝ ውድድር ከዝርያዋ አንደኛ የወጣችው ጀርመን ሸፐርድ በአካሄድዋ ምክንያት ብዙ ተቃውሞ አስነሥታለች። በአንጻሩ ለሩጫ ሲመረጥ የኖረው ግሬይሃውንድ በዳሌው በሽታ የሚያዘው እጅግ በጥቂቱ ነው። ሰው የመረጠውን ያገኛል ማለት ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ንጹሕ ዘር ይጥፋ ማለቴ አይደለም። ድቅል ውሻም በዳሌ በሽታ ይታመማል። ደግሞም ዘር ያመጣውን ዘር ሊመልሰው እንደሚችል ማስረጃ አለ። ሲንግ አይ የተባለው፣ ለዐይነ ስውራን መሪ ውሾችን የሚያሠለጥነው የአሜሪካ ድርጅት፣ ወላጆችን በዳሌያቸው ጤና እየመረጠ በማዳቀሉ ከአምስት ትውልድ ባነሰ ጊዜ በሽታውን በጀርመን ሸፐርድ ከ55 በመቶ ወደ 24፣ በላብራዶር ከ30 በመቶ ወደ 10 ዝቅ ማድረጉ በ1997 ታትሟል። ታዲያ ለመሪ ውሻ የተቻለው ለቤት ውሻ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

መመርመሪያውም ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ በ1966 የተቋቋመው የእንስሳት አጥንት ድርጅት ሁለት ዓመት የሞላውን ውሻ ዳሌ በራጅ እያየ ደረጃ ይሰጣል። በእንግሊዝም ከ0 እስከ 106 ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ባነሰ መጠን ዳሌው የተሻለ ነው። ብዙ ጂኖች ስለሚሳተፉበት ግን ደኅና ከሚመስሉ ወላጆች የታመመ ሊወለድ ይችላል፤ ስለዚህ የእኅት ወንድሞቹንም ራጅ መጠየቅ ብልኅነት ነው።

የባለቤቱም ድርሻ ቀላል አይደለም። በ2002 በታተመ ጥናት 48 ላብራዶሮች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ከጓደኞቻቸው ምግብ አንድ አራተኛ እየተቀነሰባቸው አደጉ። እነዚህ የዳሌ ሕመማቸው ያነሰ ሲሆን፣ ዕድሜያቸውም በ1.8 ዓመት ያህል በለጠ። እንግዲህ ቡችላን ማወፈር ፍቅር መስሎ ይታያል እንጂ ሸክም መጫን ነው።

በአገራችንም በከተማ የፈረንጅ ውሻ ቡችላ በብዙ ብር የሚገዛ ሰው አለ። ገዢው የጆሮውን መቆምና የጠጕሩን ማማር ይመረምራል፤ ስለ እናቱና ስለ አባቱ ዳሌ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይታየኝም። «መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ» እንደሚባለው፣ የታመመውም አጥንት በዝርያው ስም ተደግፎ ይሸጣል።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ቡችላ የሚገዛ ሰው የወላጆቹን ራጅ ይጠይቅ፤ የለም ከተባለ ገንዘቡን በኪሱ ይያዝ። ሁለተኛ፣ የሚያነክስ ውሻ መልኩ የቱንም ያህል ቢያምር ዘር እንዲተካ አይደረግ። ሦስተኛ፣ የውድድር ዳኞች ከቁመቱ አስቀድመው አረማመዱን ይዩ። አራተኛ፣ ጠባቂ ብቻ የሚፈልግ ሰው ማንም ሳይመርጥለት በገዛ እግሩ ሮጦ የኖረውን የአገራችንን ውሻ አይናቅ።

ተማሪዎች ሆይ! ነገ ከመካከላችን የእንስሳት ሐኪም የሚሆን ይኖራል፤ ውሻ የሚያሳድግ ግን ብዙ ነው። ገዢው ጤና ከጠየቀ አርቢው ጤና ያራባል፤ ገዢው መልክ ብቻ ከጠየቀ ዋጋውን የሚከፍለው ውሻው ነው።