ኦራሉን በስቱኮ አትቅበሩት!

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ባትላሜራ ናቸው። በደርግ ጊዜ ከሶቪየት ኅብረት የመጣ የወታደር ኦራል ግቢያቸው አቁመው ጋቢናውን ያድሳሉ። ልጃቸው «በስቱኮ ደፍኖ መቀባት ነው፤ ማን ያያል?» ይላል። ክረምቱ ያያላ! ዝገቱ ከሥር እየበላ ስቱኮውን ያረግፈዋል። (እዚህ አገር ያልተደፈነ ነገር የታለና!) የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ፣ ከዚያ ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት ነው እንጂ አቋራጭ የለውም።

በዚህስ ከጋሼ ጋር ተስማምተናል። የተጣላነው በሩ ላይ ባለችው የጥይት ቀዳዳ ነው። እሳቸው «እንከን ናት፣ ትደፈን» ባይ ናቸው። አባቴን ግን ወደ ጦር ሜዳ የወሰደው እንዲህ ያለ ኦራል ነው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን እናቴ በር በሩን ስታይ ከረመች፤ አልመጣም። ጋሼ፣ ዝገቱን ይቁረጡት። ቀዳዳዋን ግን ይተዉልኝ።