በግቢያችን ስለቆመችው የተጋጨች መኪና ያለኝ አስተያየት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና የሰፈራችን ነዋሪዎች፤

እንደምታውቁት ከሁለት ወር ወዲህ በጋራ ግቢያችን ውስጥ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ፣ ፊቷ የተጨፈለቀ አንዲት ቀይ ቶዮታ ሴሊካ ቆማለች። የገዟት የሰፈራችን ልጆች የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች ሲሆኑ፣ ከሥራ መልስና እሑድ እሑድ እየፈቱ ይሠሯታል። በዚህ ምክንያት «መኪናዋ ትነሣልን» የሚል 11 ሰው የፈረመበት ማመልከቻ ለጽሕፈት ቤቱ ገብቷል። በሌላ በኩል ደግሞ «ልጆቹ ምን አጠፉ? ሠርተው ይብሉበት እንጂ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ለውሳኔ ስለሚቀርብ እኔም የበኩሌን ልበል ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት። ይህ የሥራ አመራሩ ውሳኔ አይደለም፤ የራሴ አስተያየት ነው።

አስተያየቴ ባጭሩ ይህ ነው። መኪናዋ ትቆይ፣ ልጆቹም ይሥሩ። ነገር ግን የመኪናዋ አጥንት የሆነው ብረትና የሰው ሕይወት ማትረፊያ የሆነው ዕቃ በግቢያችን በግምት አይሠራ። እነዚህ ሁለቱ በትክክል ሳይሟሉም መኪናዋ ሰው ጭና መንገድ አትውጣ።

በመጀመሪያ ልጆቹ ለምን የተጋጨ መኪና ገዙ የሚለውን እንመልከት። አንዳንድ ሰው «ጥጋብ ነው» ይላል። እኔ ግን ጥጋብ አይመስለኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ ደሞዝተኛ ወጣት በምን አቅሙ ደህና መኪና ይገዛል? የቀረው መንገድ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች በጨረታ የሚሸጡትን የተጋጨ መኪና ገዝቶ፣ ዕቃውን ከሶማሌ ተራ እየለቀሙ በገዛ እጅ ማደስ ነው። እኛ ደግሞ የተሰበረውን ጠግነን፣ የተቀደደውን ጥፈን የኖርን ሰዎች ነን። አሮጌዋ ቮልስ እስከ ዛሬ በከተማችን የምትሄደው በማን እጅ ሆነና? ስለዚህ መጠገኑን በራሱ እንደ ጥፋት ማየት ተገቢ አይደለም።

እንዲያውም ከዚህ ሥራ የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። ሴሊካ ለሩጫ የተሠራች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ዝቅ ያለች መኪና ናት። ይህች የእኛዋ ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 የተመረተችው ስትሆን ሞተሯ 1.8 ሊትር ነው። እንዲህ ያለችውን ፈትቶ መልሶ የገጠመ ልጅ ነገ ጋራዥ ቢገባ እጁን አጣጥፎ አይቆምም። ራዲያተር መቀየር፣ ኮፈንና ፓራፋንጎ መፍታት፣ የፊት መብራት መግጠም፣ የተቆረጠ የመብራት ገመድ መቀጠል፣ ዘይትና የፍሬን ሸራ መለወጥ፣ ይህ ሁሉ በቤት የሚሠራ ሥራ ነው። በዚህ ማንም አይከልክላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዛሬ የቤት መኪና እንደ ጭነት መኪና ወፍራም ሻንሲ ለብቻው፣ ሳጥኑ ለብቻው ሆኖ አይደለም የሚሠራው። ወለሉ፣ ጣራው፣ ምሰሶው ሁሉ አንድ ላይ የተበየደ ቅርፊት ነው። ከፊት በኩል ከሞተሩ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም የብረት ክንዶች አሉ። መኪናው ሲጋጭ እነዚህ ክንዶች እንዲታጠፉና ምቱን እንዲበሉት፣ ሰው የተቀመጠበት ክፍል ግን እንዳይጨፈለቅ ሆኖ ነው የሚሠራው። ይህን ሐሳብ ያመጣው ቤላ ባሬኒ የሚባል የመርሴዲስ መሐንዲስ ሲሆን፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው መኪና ላይ በሥራ ላይ አውሎታል። ስለዚህ የመኪናዋ ፊት መጨፍለቁ የተሠራችበትን ሥራ መሥራቷ ነው፤ የነዳዩን ሕይወት ያተረፈው እሱ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ የታጠፈ ክንድ በሰንሰለት ተስቦ፣ በእሳት ቀልቶ፣ በመዶሻ ተደብድቦ ቀጥ ቢል ለዓይን ቀጥ ይላል እንጂ ጉልበቱ እንደ ድሮው አይሆንም። በተለይ ከተራው ላሜራ የጠነከረው ብረት በእሳት ሲቀላ ጥንካሬውን ያጣል። ከዚያ ስቱኮ ይቀባበታል፣ ቀለም ይረጭበታል፣ መኪናዋም ሙሽራ መስላ ትወጣለች። ሁለተኛ ስትጋጭ ግን ክንዱ ምቱን አይበላም፤ ምቱ ተሳፋሪው ጉልበት ላይ ይደርሳል። ለዚህ ነው አጥንቱ መለኪያና መሳቢያ ወዳለው ጋራዥ ይሂድ የምለው።

ልጆቹ «አልተጣመመችም፣ ፊቷ ብቻ ነው የተመታው» ይላሉ። ደህና፤ ይህን ለማወቅ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከእኛ መካከል ቤት ያሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ግንበኛ መሠረት ሲያወጣ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሲባጎ ይለካ የለም? ሁለቱ ሰያፍ እኩል ካልሆኑ ቤቱ ጠማማ ነው። መኪናም እንዲሁ ነው። ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ከሥሯ በግራና በቀኝ አምሳያ የሆኑትን ቀዳዳዎች መምረጥ፣ ከየቀዳዳው ቱምቢ ጥሎ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ መኪናዋን ገፋ አድርጎ ምልክቶቹን በሰያፍ መለካት ነው። ልዩነቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ክርክር የለም፣ ወደ ጋራዥ ነው። ልኩ እኩል ቢመጣም እሰየው፤ ክንዱ ተጨማዶ እንደሆነና እንዳልሆነ ግን ባለሙያ ሳያየው አይዘጋ።

ሁለተኛው ከባድ ነገር ኤር ባግና የደኅንነት ቀበቶ ነው። የዚህች መኪና የመሪዋም የጎኗም ኤር ባግ ፈንድቷል፤ አላፊ አግዳሚ ሁሉ አይቶታል። የፈነዳ ኤር ባግ ተጣጥፎ ተመልሶ አይሠራም። ቀበቶውም ቢሆን በግጭቱ ጊዜ በውስጡ ያለች ትንሽ ባሩድ ነድዳ የምትስበው ዓይነት ከሆነ ከአንድ ጊዜ በላይ አያገለግልም፤ መቀየር አለበት። ይህ ዕቃ ውድ ስለሆነ በከተማው ውስጥ የሚሠራ አንድ መጥፎ ብልሃት አለ። የፈነዳውን ጨርቅ ቆርጦ መጣል፣ ክዳኑን በማጣበቂያ መዝጋት፣ ከኋላው ትንሽ የኤሌክትሪክ መግቻ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን «ኤር ባግ አለ» ብሎ ማታለል ነው። የማስጠንቀቂያው መብራት ይጠፋል። ገዢው ይደሰታል። ይህን የሚያደርግ ሰው መኪና አላደሰም፤ ወጥመድ ነው የሠራው። ኮምፒውተሩ ተታለለ፣ ገዢውም ተታለለ፣ ግጭቱ ግን አይታለልም።

የእኛ ልጆች ይህን ያደርጋሉ ብዬ አላምንም። ሆኖም ቸግሯቸው መኪናዋን ቶሎ ሊሸጡ ቢፈልጉ የሚመክራቸው ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለቱ ይሻላል። ካልተረፈ ኤር ባግ ያልገባላት መኪና ይህንኑ በጽሑፍ አስታውቆ መሸጥ ይቻላል፤ ዋጋዋ ይወርዳል፣ ሕሊና ግን ንጹሕ ይሆናል። «ዓመታዊ ምርመራ አልፋ ቦሎ ካገኘች ምን ቀረ?» ለሚሉትም መልሱ ቀላል ነው። ምርመራ ፍሬንና መብራት ያያል እንጂ በስቱኮ የተሸፈነ ብረት ቀዶ አያይም።

እግረ መንገዴን አሮጌ መኪና ለመግዛት ለምታስቡ ጎረቤቶች ሁለት ነገር ልጠቁም። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በቦዲው ላይ አስኪዱት፤ ላሜራው ብረት ሆኖ ሳለ ማግኔቱ የማይይዝበት ቦታ ካለ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ አለ ማለት ነው። ቁልፉን ስትከፍቱ ደግሞ የኤር ባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ከነጭራሹ ካልበራ ወይም በርቶ ከቀረ ምክንያቱን ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ወደ እኛ ወደ ጎረቤቶች ልመለስ። ማመልከቻ የፈረማችሁ አባቶችና እናቶች ያነሣችሁት ስሞታ እውነት አለበት። የቀለም ሽታው፣ የመፍጫው ጩኸት፣ የሕፃናቱ በሥሯ መሽሎክሎክ ቀልድ አይደለም። ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚረጨው የመኪና ቀለም ኢሶሲያኔት የሚባል ኬሚካል አለበት፤ ይህ ኬሚካል ጤነኛውን ሰው አስም ሊያስይዝ ይችላል። የወረቀት ጭምብል ወይም ነጠላ መከናነብ አያስጥልም። በደህና ጋራዥ ቀለም የሚረጨው በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ ረጪውም ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያስገባ ጭምብል አድርጎ ነው። እንግዲህ ይህ ሥራ ልብስ በሚሰጣበት፣ በርበሬ በሚደለዝበት ግቢ ይሠራ ይባላል? አይባልም።

ክሪኩም ሌላ ነገር ነው። ያቺ መኪና ከ1,000 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ባለፈው እሑድ ከልጆቹ አንደኛው በክሪክ ብቻ ተነሥታ ከሥሯ ተኝቶ አይቼዋለሁ። እናቱ በመስኮት አይታ ብትሆን ኖሮ ምን ይሰማት ነበር? ሁለት የብረት እግር መግዛት ወይም መዋስ ከቀብር ወጪ አይበልጥም።

ስለዚህ በጠቅላላው ስብሰባ እንድንወስን የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ መኪናዋ አሁን ባለችበት ቦታ ስድስት ወር ትቆይ። ወሩ ሲያልቅ ሥራው ያለበት ደረጃ ታይቶ እንደገና እንነጋገር።

2ኛ/ መፍታትና መግጠም በግቢ ይፈቀድ። የአጥንት ማቃናት፣ ብየዳና ቀለም መርጨት ግን በጋራዥ ይሁን።

3ኛ/ ድምፅ ያለው ሥራ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላና እሑድ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አይሠራ። ሐዘን ባለበት ቀን ጨርሶ አይሠራ።

4ኛ/ መኪናዋ ያለ ብረት እግር ተነሥታ ሥሯ ማንም አይግባ። ልጆቹ ሥራ ሲያቆሙ ወደ መሬት ትውረድ፣ በሮቿም ይቆለፉ።

5ኛ/ ከመሪው ወይም ከዳሽቦርዱ ሥር ከመነካካታቸው በፊት ባትሪው ይፈታ፤ ከተፈታም በኋላ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ይጠበቅ። ያልፈነዳ ኤር ባግ ካለ በሰው ፊት ላይ ሊፈነዳ ስለሚችል ነው።

6ኛ/ የተቃጠለ ዘይትና የራዲያተር ውሃ ወደ ቦይ አይደፋ። በጄሪካን ተጠራቅሞ ዘይት ለሚቀበሉ ጋራዦች ይሰጥ።

7ኛ/ መኪናዋ ስትሸጥ መጋጨቷና ምን ምን እንደተቀየረላት ለገዢው በጽሑፍ ይነገር።

ልጆቹ ምናልባት «ይህ ሁሉ ቅድመ ሁኔታ ለአንዲት መኪና?» ይሉ ይሆናል። ልጆቼ፣ ችኮላችሁ ይገባኛል። ገንዘባችሁ እዚያ ውስጥ ታስሯል። ነገር ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። አጥንቷን በጋራዥ ብታሳዩ፣ ቀለሙን ለቀለም ቀቢ ብትሰጡ የሚወጣባችሁ ወጪ አለ፤ የሚቀርላችሁ ሥራ ግን አሁንም ብዙ ነው፣ ትምህርቱም እዚያው ነው ያለው።

ማመልከቻ የፈረማችሁትም ብትሆኑ እስቲ አንድ ነገር አስቡ። ዛሬ መኪናዋን ብናስወጣት ልጆቹ ሥራውን አይተዉትም። ወደ አንድ ጥግ፣ ማንም ወደማያያቸው መንገድ ዳር ይወስዷታል፤ እዚያ ደግሞ «ክሪክ ብቻ ነው ያለው፣ ውጣ» የሚላቸው ጎረቤት የለም። በዓይናችን ሥር ቢሠሩ ግን እናያቸዋለን፣ እንቆጣቸዋለን፣ ሻይም እናቀብላቸዋለን። ከመካከላችን በጡረታ ያረፉ መካኒክና በያጅ እንዳሉም አትርሱ። አንድ እሑድ ጠዋት ወጣ ብለው ያንን የቱምቢ ልኬት ከልጆቹ ጋር ቢለኩ ከማመልከቻ ሁሉ የበለጠ ይሠራል።

ለስብሰባው ሁላችሁም እንድትገኙ እያሳሰብኩ፣ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው በጽሑፍ ለጽሕፈት ቤቱ ቢያቀርብ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንደሚለጠፍ እገልጻለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ