የኮምፒዩተር መጽሐፍ በውፍረቱ አይገዛም

ከአዲስ አበባ አሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ዘንድ ጎራ ብሎ «ለጀማሪ የሚሆን የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጽሐፍ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ፣ ብዙውን ጊዜ ከመደርደሪያው የሚወርድለት ወፍራሙ ነው። «ጋሼ፣ ይኼ ሙሉ ነው፤ ያልያዘው ነገር የለም» ይባላል። ገዢውም ዋጋውን በገጹ ብዛት አካፍሎ ርካሽ ሆኖ ያገኘዋል። ነጋዴውን አንወቅስም፤ እሱ የሚሸጠው ወረቀት ነው። ጥፋቱ መጽሐፍን እንደ ጤፍ በሚዛን የምንገዛው የእኛ ነው።

ኪሳራው ደግሞ በብር ብቻ አይቆምም። ጫማ ቢጠብ ለታናሽ ወንድም ይሰጣል። የማይሆን መጽሐፍ የገጠመው ተማሪ ግን በመጽሐፉ አያሳብብም፤ «የእኔ ጭንቅላት ለዚህ አልተፈጠረም» ብሎ ነገሩን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመሆን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ የማስተማር መርሐ ግብር ጀምሯል። ትምህርቱ በኢንተርኔት ነው። ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ተማሪው የሚመለሰው ግን ወደ ወረቀቱ ነው።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት የኅትመት ዘመኑ ይታይ። ለጀማሪ በብዛት የሚመከረው ፓይተን የተባለው ቋንቋ ሦስተኛው ትውልዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ ሁለተኛው በ2020 ድጋፉ ተቋርጧል። በአሮጌው «ፕሪንት» ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ ቅንፍ አያስፈልግም ነበር፤ በአዲሱ ያለ ቅንፍ አይሠራም። የአሮጌው መጽሐፍ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ምሳሌ ስህተት ይነገረዋል ማለት ነው። ይህን ለመለየት ፕሮግራም ማወቅ አያሻም፤ ገጹን ገልጦ ቅንፉን መፈለግ ነው። በቱርቦ ሲ የሚያስተምሩ መጻሕፍትም እንዲሁ ናቸው። ቱርቦ ሲ በ1987 ለዶስ ዘመን የወጣ ዕቃ ነው፤ በዛሬው ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ እንዲያው በቀጥታ አይነሳም።

ፎቶ ኮፒው የባሰ ጣጣ አለው። ልቦለድ ቢሆን አንድ ፊደል ቢደበዝዝ አንባቢ ከራሱ ይሞላዋል፤ ኮምፒዩተር ግን አይሞላም። ነጥብና ኮማ፣ ኮለንና ሴሚኮለን ካልተለዩ ነገሩ አበቃ። በፓይተን ደግሞ ከመስመሩ በስተግራ ያለው ባዶ ቦታ ራሱ ትርጉም አለው፤ የትኛው ትእዛዝ በየትኛው ሥር እንደሚውል የሚታወቀው በእሱ ነው። ጠራዡ የግራውን ጠርዝ ከዋጠው ወይም ገጹ ተንጋዶ ከተቀዳ፣ ልጁ ያንን ባዶ ቦታ ከየት ያመጣዋል? በዚህ ላይ የሚቆጠብ ብር ቁጠባ አይባልም።

ወፍራም አይገዛ ስንል ቀጭን ሁሉ ይሻላል ማለታችን አይደለም። ብራያን ከርኒሃንና ዴኒስ ሪቺ በ1978 ያሳተሙት የሲ ቋንቋ መጽሐፍ 300 ገጽ እንኳ አይሞላም፤ በሙያው የተከበረ ነው። ነገር ግን ደራሲዎቹ ራሳቸው በመግቢያው ለፕሮግራም ጀማሪ እንዳልተጻፈ ተናግረዋል። ለልጅ እሱን ገዝቶ መስጠት መንዳት ለሚማር ሰው የመካኒክ መመሪያ እንደመስጠት ነው። «በ24 ሰዓት» «በ21 ቀን» የሚሉትንስ ተዉአቸው። የጎግል የምርምር ዳይሬክተር የነበሩት ፒተር ኖርቪግ ለእነዚህ ርእሶች የሰጡት መልስ «በ10 ዓመት» የሚል ነበር።

ታዲያ ምን ይገዛ? የእኛ አስተያየት፣ ለተማሪ የአለን ዳውኒ «ቲንክ ፓይተን»፣ በቢሮ ሥራ ላይ ላለና ፋይልና የሒሳብ ሰንጠረዥ ለሚያሰለቸው ሰው ደግሞ የአል ስዋይጋርት «ኦቶሜት ዘ ቦሪንግ ስተፍ ዊዝ ፓይተን» ነው። ሁለቱም ደራሲዎች መጽሐፋቸው በኢንተርኔት ያለ ክፍያ እንዲነበብ፣ ለንግድ እስካልሆነም ድረስ እንዲባዛ ፈቅደዋል። ስለዚህ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት አውርዶ፣ ደህና ማተሚያ ቤት በንጹሕ ወረቀት አሳትሞ ማስጠረዝ ይቻላል። የምዕራፎቹ መጨረሻ ልምምድ አለው፤ ልምምድ የሌለው የፕሮግራም መጽሐፍ ለእኛ የግድግዳ ጌጥ ነው። እንግሊዝኛው ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ አንዳንድ ቦታ ይከብድ ይሆናል፣ መዝገበ ቃላት ከጎን ይቀመጥ።

ሌላ መጽሐፍ መግዛት ለሚፈልግ ደግሞ፣ ልጁን ይዞ ይሂድ። 30ኛው ገጽ አካባቢ ይገለጥና ልጁ አንድ ገጽ ያንብብ፣ ከዚያም የተረዳውን በአማርኛ ይንገር። ነጋዴው ላስቲኩን አላስከፍትም ካለ ወደሚቀጥለው መደብር ማለፍ ነው።