ሙጫው ለማን ቁስል?

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ የገዳሪፍ ገበያ የሐሻብን ሙጫ በጆንያ ሞልቶና በሚዛን ለክቶ ከመሸኘት ያለፈ ነገር ሲያስብበት አይታይም። ገበሬው የዝናቡ ወራት ካለፈ በኋላ የግራሩን ቅርፊት በስለት ይልጣል፤ ዛፉም ቁስሉን ለመድፈን ሙጫ ያፈልቃል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶም የደረቀው ይለቀማል። ከዚያ ወዲያ የሙጫው ዕጣ ለስላሳ መጠጥ፣ መድኃኒትና ቀለም በሚሠሩ የሩቅ አገር ፋብሪካዎች እጅ ይወድቃል።

የዓለም ሳይንስ ግን ዛፉ የሚያውቀውን ጥበብ በቤተ ሙከራ እየተማረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በፓሪስ የሉድዊክ ሌይብለር ቡድን ከአትክልት ዘይት በሚገኙ አሲዶችና ከዩሪያ፣ ተቆርጦ ሲነካካ መልሶ የሚጋጠም ጎማ ሠራ። በ2012 ደግሞ የስታንፎርዷ ዤናን ባኦና ባልደረቦቿ የኒኬል ብናኝ የተቀላቀለበት፣ ግፊትን የሚያውቅ ቁስ አቀረቡ፤ ይህም ከተቆረጠ በኋላ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን በ15 ሰከንድ ውስጥ 90 በመቶ ያህል የሚመልስ ነው። ምስጢሩ ሲቆረጡ የሚላቀቁ፣ ሲነካኩ ግን ተመልሰው የሚያያዙ የሞለኪውል ትስስሮች ናቸው። ለእንዲህ ያለው ትስስር የሚመቹ ሃይድሮክሲልና ካርቦክሲል ቡድኖች በግራር ሙጫም ውስጥ አሉ፤ በዚህም ምክንያት ሙጫው የገባባቸው፣ ውኃ ያዘሉ ለስላሳ ቁሶች የሰውነትን እንቅስቃሴ ለሚያነቡ ሴንሰሮች ተሞክረዋል።

«ዳቦ ለቸገረው ሕዝብ የሮቦት ቆዳ ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። መልሱ በድንበሩ ወዲያና ወዲህ በክራንች የሚሄደው ሰው ነው። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደውም ሆነ በ2023 በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት ብዙዎችን አካለ ጎደሎ አድርጓል። ሰው ሠራሽ እግር ቆዳን የት ላይ እንደሚጫን የሚናገር፣ ሲቀደድም መለዋወጫ ከባሕር ማዶ የማያስጠብቅ ሴንሰር ከማንም ይልቅ ለእነርሱ ያስፈልጋል።

«ምርምሩ ለሀብታም አገር ይተው» የሚለው ክርክር ደግሞ የባሰ ነው። ውኃ ያዘለ ቁስ በሙቀት ይደርቃል፤ ሲደርቅም ይገረጥፋል፣ ራሱን የመጠገን ኃይሉም ይደክማል። ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ የተሳካው ነገር ከ40 ዲግሪ በላይ በሚያቃጥለው የገዳሪፍ ሚያዝያ፣ በላብና በአቧራ መካከል መፈተን አለበት። ዛፉንም፣ ሙቀቱንም፣ ተጎጂውንም በቅርብ ያገኙት የገዳሪፍና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ፈተና ካልጀመሩ ማን ሊጀምረው ነው?

ራሱን ይጠግናል የሚባለው ዛፍም ቢሆን ትዕግሥቱ ወሰን አለው። ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በገዳሪፍ የተስፋፋው የትራክተር እርሻ ደኑን ለማሽላና ለሰሊጥ መንጥሮታል፤ የተረፈውን ከሰል አክሳዩ ይፈጀዋል። በመተማ በኩል ያለው የዕጣን ዛፍ ዕድልም የተሻለ አይደለም፤ በ2019 የወጣ ጥናት የዚሁ ዝርያ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ቁስሉ ይድናል ማለት ሁልጊዜ ይቁሰል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ነጋዴው ለለቃሚው ዛፉን ከማክሰል የሚበልጥ ዋጋ ይክፈል፤ ባለ ሥልጣኑ ለዛፉ የዕረፍት ዓመት ይደንግግ፤ ዩኒቨርሲቲውም ከሚጫነው ሙጫ አንዲት ጆንያ ወደ ቤተ ሙከራው ያስገባ። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ዛፉ ካለቀ፣ የሐሻብ አገር የገዛ ዛፉን ጥበብ ከባሕር ማዶ በውድ ገንዘብ ሊገዛ ነው።